በአሜሪካ የኩላሊት ሕመምተኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የክፍያ ስህተቶች

በአሜሪካ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ስለ ሕክምናው ብዙ ይነገረዋል። ጨው ይቀንሱ፣ ፈሳሽ ይመጥኑ፣ ቀጠሮ አያሳልፉ ይባላል። ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚከፍልና ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ የሚያስረዳ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። በዚህ አገር የትኛው ሕክምና እንደሚቀርብልዎት፣ የት እንደሚሰጥዎት፣ አንዳንዴም ስንት መርፌ እንደሚወጉ የሚወስነው የሐኪሙ ዕውቀት ብቻ አይደለም። የክፍያው ሕግም ይወስናል። ይህን ባለማወቅ ወገኖቻችን የሚገባቸውን ሕክምና ሲያጡ ማየት ያሳዝናል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ቀድሞ በመጠየቅ የሚድን ነው።

ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“ማሽኑ ካለ ሕክምናው አለ” ብሎ ማሰብ

ከሁሉም ሥር ያለው ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የኩላሊት እጥበት ማሽን ከ1960 በፊትም ነበር። ችግሩ፣ በእያንዳንዱ እጥበት የደም ሥር ስለሚበላሽ ሕመምተኛውን ለረጅም ጊዜ ማጠብ አለመቻሉ ነበር። በ1960 በሲያትል ከተማ ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ከቴፍሎን የተሠራ ትንሽ ቱቦ በሕመምተኛ ክንድ ላይ አደረጉ። ቱቦው እዚያው ስለሚቆይ በየጊዜው አዲስ የደም ሥር መክፈት ቀረ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ክላይድ ሺልድስ ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖረ። የሞት ፍርድ የነበረው በሽታ አብረውት የሚኖሩት ሆነ።

ነገር ግን ከፋይ አልነበረም። አልጋው ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ ሆነ። ስለዚህ በሲያትል 7 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጠበቃ፣ የሃይማኖት አገልጋይ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት ነበሩበት። ማን ይታጠብ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። ሰውየው ሥራ አለው ወይ፣ ልጆች አሉት ወይ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ወይ ብለው ይመዝኑ ነበር።

ይህን ያስቆመው አዲስ ፈጠራ አይደለም። በኅዳር 1971 ሼፕ ግሌዘር የሚባል ሕመምተኛ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ማሽን ላይ ሆኖ ታየ። በጥቅምት 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት ሕግ የኩላሊት ውድቀት ያለበትን ሰው በማንኛውም ዕድሜ ወደ ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን ወደተቋቋመው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ አስገባ። ክፍያው ከሐምሌ 1973 ጀመረ። ያኔ በመላ አገሪቱ በእጥበት ላይ የነበሩት 10 ሺህ ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ500 ሺህ በላይ ናቸው።

አገር ቤትን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ማሽኑ አለ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 ጀምሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተሠርቷል። ሆኖም ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ፣ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ፣ በፌስቡክ እርዳታ ተለምኖ ነው ብዙው ሰው የሚታጠበው። ዕውቀቱና ማሽኑ እያለ ክፍያው ስለሌለ ሰው ይሞታል።

“65 ዓመት ስላልሞላኝ ሜዲኬር አይመለከተኝም”

ለኩላሊት ውድቀት የዕድሜ ገደብ የለም። የሚጠየቀው በአብዛኛው የሥራ ታሪክ ነው፤ የራስዎ፣ የባለቤትዎ ወይም፣ ልጅ ከሆነ፣ የወላጅ። የሚፈለገው ሥራም ብዙዎች እንደሚያስቡት 10 ዓመት ላይሆን ይችላል። ባለፉት 3 ዓመታት ገደማ ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል ያህል የሠራ ሰው እንኳ ሊያሟላ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። በካሽ ተከፍሎ ታክስ ያልተከፈለበት ሥራ አይቆጠርም። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ ፀጉር የሚሠራ፣ ምግብ ቤት የሚያግዝ ወገን ገቢውን አሳውቆ ታክስ ከከፈለ ክሬዲት (የሚቆጠር የሥራ ጊዜ) ይይዝለታል። ካላሳወቀ፣ ዓመታት ለፍቶም በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ እንዳልሠራ ነው የሚታየው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከታመመ በኋላ ነው።

ማመልከቻው የሚገባው በሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ነው። የእጥበት ማዕከሉም 2728 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ መላክ አለበት። መላኩን ሶሻል ወርከሯን ይጠይቁ፤ “ይሆናል” ብለው አይተዉት።

“ብዙ መድኃኒት ከተሰጠኝ ጥሩ ታክሜያለሁ ማለት ነው”

ክፍያ ሕክምናን እንዴት እንደሚቀርጽ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ኩላሊት ሲደክም የደም ማነስ ይመጣል። በ1989 ኢፖጅን የሚባለው መርፌ ተፈቀደ። ትልቅ በረከት ነበር፤ በየጊዜው ደም ይሰጣቸው የነበሩ ሰዎች ከዚያ ተላቀቁ። መጀመሪያ ላይ ሜዲኬር ለአንድ መርፌ ቁርጥ ያለ 40 ዶላር ገደማ ይከፍል ነበር። መጠኑ ቢበዛም ባይበዛም ክፍያው ያው ስለሆነ ማዕከላቱ ትንሽ ትንሽ ይሰጡ ነበር። በ1991 ስሌቱ ተቀየረና ለእያንዳንዱ 1 ሺህ ዩኒት 11 ዶላር ሆነ። ብዙ የሰጠ ብዙ ያገኛል ማለት ነው። የሚሰጠው መጠን ከፍ አለ። መድኃኒቱ ያው፣ ሕመምተኛው ያው፣ የተለወጠው ክፍያው ብቻ ነበር።

በኋላ መርፌው ሜዲኬር ብዙ ገንዘብ ከሚያወጣባቸው መድኃኒቶች ዋነኛው ሆነ። በ2006 የወጣ ጥናት ግን የደም መጠናቸውን ወደ ጤናማ ሰው ልክ ለማድረስ ከፍ ያለ ዶዝ የተሰጣቸው ሕመምተኞች ለልብ ችግር የበለጠ መጋለጣቸውን አሳየ። በ2007 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ከባድ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ ላይ አስለጠፈ።

በ2011 ሜዲኬር ሁሉንም ጠቅልሎ ለአንድ እጥበት አንድ ዋጋ መክፈል ጀመረ፤ መርፌው፣ ላቦራቶሪው፣ እጥበቱ አንድ ላይ። ትናንት ትርፍ የነበረው መርፌ ዛሬ ወጪ ሆነ። አጠቃቀሙ በአንዴ ወረደ።

ታዲያ አሁን ስጋቱ ተገለበጠ ማለት ነው። በጥቅል ክፍያ ትንሽ መስጠት ያተርፋል። ሜዲኬር ይህን ስላወቀ ጥራታቸው ዝቅ ካለ ማዕከላት እስከ 2 በመቶ ይቀንሳል። አዲስ መድኃኒት ሲመጣም ለ2 ዓመት ገደማ ለብቻው ተጨማሪ ክፍያ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወደ ጥቅሉ ይገባል። ለእጥበት ሕመምተኛ አዲስ ነገር መሥራት የሚያስብ ኩባንያ ሁሉ ከዚያ ጊዜ በኋላ ምን እንደሚሆን ማስላቱ አይቀርም። ዘርፉ ለዓመታት ብዙ አዲስ ነገር ያላየበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ለእርስዎ ትርጉሙ ቀላል ነው። የደም መጠንዎን የሚያሳየውን የሄሞግሎቢን ቁጥር በየወሩ ይጠይቁ። መርፌው ሲጨመርም ሲቀነስም “ለምን?” ይበሉ። ከምግብ ጋር የሚዋጠው የፎስፎረስ መቀነሻ ክኒንም ከጥር 2025 ጀምሮ ወደ ጥቅሉ ገብቷል። ፋርማሲው “ኢንሹራንስዎ አይከፍልም” ካለዎት ክኒኑን አቁመው ቤት አይቀመጡ፤ የሚያቀርብልዎት አሁን የእጥበት ማዕከሉ ነው።

“ቤት መታጠብ ለሀብታም ነው”

አይደለም። ሜዲኬር የቤት እጥበትንም ይከፍላል። በሆድ በኩል የሚደረገው እጥበት ሌሊት ተኝተው ሊከናወን ስለሚችል ቀን መሥራት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ለሁሉም አይሆንም፤ የሆድ ቀዶ ጥገና ያለፈበት ወይም ቤቱ የማይመች ሰው ሊከለከል ይችላል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሕመምተኛው 40 በመቶ ገደማ ቤቱ ነበር የሚታጠበው፤ ገንዘብ ስላልነበረ ርካሹ እሱ ነበር። ሜዲኬር በማዕከል ለሚሰጠው እጥበት መክፈል ሲጀምር ማዕከላት በየቦታው ተከፈቱ፣ የቤቱ ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ወረደ። ዛሬ አብዛኛው ገበያ የሁለት የእጥበት ኩባንያዎች፣ የዳቪታና የፍሬዜኒየስ ነው። የእጥበት ወንበር ያለው ማዕከል ወንበሩ እንዲሞላ ይፈልጋል። ማንንም ለመወንጀል አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ስለዚህ ስለ ቤት እጥበት ማንም ካልነገረዎት እርስዎ ይጠይቁ።

ሌላም ጥቅም አለው። በማዕከል ለሚታጠብ ሰው ሜዲኬር የሚጀምረው በአራተኛው ወር መጀመሪያ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ የቤት እጥበት ሥልጠና ከጀመሩ ግን ከመጀመሪያው ወር ይከፍላል። ሌላ ኢንሹራንስ ለሌለው ቤተሰብ ይህ ብዙ ዕዳ ያስቀራል።

ሥራውን ቶሎ መልቀቅ፣ 20 በመቶውን መርሳት

ሲታመሙ “ሜዲኬር አለልኝ” ብለው ሥራቸውን የሚለቁ አሉ። ሜዲኬር ካገኙ በኋላም የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ለ30 ወራት ቀድሞ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ በጣም የተሻለ ነው። መሥራት ከቻሉ ያቆዩት።

ሜዲኬር ደግሞ ሁሉንም አይከፍልም። ከእጥበቱ ዋጋ 20 በመቶው የእርስዎ ነው፤ በዋናው ሜዲኬር የዓመት ጣሪያም የለውም። በሳምንት 3 ቀን ለሚታጠብ ሰው የሚጠራቀመውን አስቡት። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ሜዲኬድ የሚባለው ሌላው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሊሸፍነው ይችላል። ከ2021 ጀምሮ የኩላሊት ሕመምተኞች አድቫንቴጅ የሚባለውን፣ በግል ኩባንያ የሚሰጥ የሜዲኬር ዕቅድ መምረጥ ተፈቅዶላቸዋል፤ እሱ የዓመት ጣሪያ አለው። ከመፈረምዎ በፊት ግን ሐኪምዎና የንቅለ ተከላ ማዕከልዎ በዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጡ። ስልክ ደውሎ “ዛሬውኑ ይመዝገቡ” ለሚል ሰው አይቸኩሉ።

“ኩላሊት ካገኘሁ ነገሩ አለቀ”

የተተከለ ኩላሊት በየቀኑ መድኃኒት ይፈልጋል። መድኃኒቱ ከቆመ ሰውነት ኩላሊቱን ይጥለዋል። ለዓመታት ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ከ65 ዓመት በታች ከሆኑና አካል ጉዳተኛ ካልተባሉ፣ ከንቅለ ተከላው 36 ወር በኋላ ሜዲኬር ይቆማል። መድኃኒቱን መግዛት ያቃተው ሰው ኩላሊቱን ያጣል፣ ወደ እጥበት ይመለሳል፣ ያኔ ሜዲኬር በጣም ውድ የሆነውን እጥበት እንደገና ይከፍላል! ይህን ለማስተካከል እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ ሕግ መጠበቅ ነበረበት።

ከጥር 2023 ጀምሮ ሌላ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በየወሩ እየከፈለ እነዚህን መድኃኒቶች ብቻ የሚሸፍን ሜዲኬር መያዝ ይችላል። ራሱ አይመጣም፣ ማመልከት ያስፈልጋል። ንቅለ ተከላው በተደረገበት ወር ፓርት ኤ የሚባለው የሜዲኬር ክፍል ሊኖርዎት እንደሚገባም አይርሱ። የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ስላላቸው ፓርት ኤን ሳይወስዱ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች በኋላ ይቸገራሉ።

ኩላሊት ሊሰጥዎት የተነሳ ዘመድ ኢንሹራንስ ባይኖረውም አይፍራ። የሰጪው ምርመራና ቀዶ ጥገና የሚከፈለው በተቀባዩ በኩል ነው።

“ወረቀት ስለሌለኝ ምንም አላገኝም”

በአንዳንድ ክልሎች ወረቀት የሌለው ሰው የሚታጠበው ድንገተኛ ክፍል ደርሶ “አሁን ሊሞት ነው” ሲባል ብቻ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት እንደዚህ የሚታጠቡ ሰዎች በ5 ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በመደበኛ ቀጠሮ ከሚታጠቡት 14 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ኮሎራዶ በ2019 ደንቡን ቀይራ መደበኛ እጥበት መክፈል ጀመረች። ክልልዎ የትኛው ወገን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ልዩነቱ የሕይወት ነው።

ጥገኝነት ያገኙ ወገኖችም ይጠንቀቁ። በ2025 የወጣው ሕግ ሜዲኬርን በዋናነት ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ገድቦታል። ጥገኝነት የተፈቀደላቸውና ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ያላቸው ወጥተዋል። ግሪን ካርድ ለማመልከት ጊዜዎ ከደረሰ አያዘግዩት፤ ዛሬ ጉዳዩ የጤናም ነው።

የተራ መጠበቂያ ጊዜን አለመጠየቅ

ለዓመታት የኩላሊትን አቅም የሚያሰላው ቀመር ለጥቁር ሕመምተኛ ቁጥሩን ከፍ ያደርግ ነበር። ስለዚህ ኩላሊታችን ከእውነቱ ይልቅ ጤነኛ መስሎ ይታይና ወደ ንቅለ ተከላ ተራው የምንገባው ዘግይተን ነበር። ቀመሩ በ2021 ተቀየረ። በ2023 ደግሞ የንቅለ ተከላ ማዕከላት ሁሉ ተራ የሚጠብቁ ጥቁር ሕመምተኞችን መዝገብ እያዩ የጠፋባቸውን ጊዜ እንዲመልሱ ታዘዙ። በመዝገቡ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያንም ጥቁር ተብለን ነው የተጻፍነው።

ተራ ላይ ካሉ ለማዕከሉ አስተባባሪ ይደውሉና “የእኔ የመጠበቂያ ጊዜ ታይቷል? ተስተካክሏል?” ብለው ይጠይቁ። እጥበት ከመጀመርዎ በፊት የተደረጉ የቆዩ የላቦራቶሪ ውጤቶች ካሉዎት፣ ሌላ ሆስፒታል ቢሆኑም፣ ይላኩላቸው። ጊዜው የሚመለሰው በእነሱ ማስረጃነት ነው።