የጥንት ግሪኮችና ሮማውያንን የህይወት ታሪክ በእንግሊዝኛ ሳይሰለቹ እንዴት ማንበብ ይቻላል

መጀመሪያ ነገር ከገጽ አንድ እንዳትጀምሩ። እኔ ፕሉታርክን (የታዋቂ ግሪኮችንና ሮማውያንን ህይወት የጻፈ የጥንት ግሪክ ደራሲ ነው) በፒዲኤፍ አውርጄ ከላይ ስጀምር የመጣብኝ ቴሴውስ ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛው አፈ ታሪክ ስለሆነ የማን ልጅ የማን ዘር ሲል ግራ አጋብቶኝ ሁለት ወር ዘጋሁት። ሃምሳ ያህል ሰው አለ፣ ከመሀል አንዱን መርጣችሁ ግቡ። ለጀማሪ ዩልየስ ቄሳር ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም የሱን ህይወት ፕሉታርክም በግሪክ፣ ሮማዊው ደራሲ ስዌቶኒየስም በላቲን ጽፈውታል፣ ጨዋታው ያለው ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ላይ ነው።

ከዛ ትርጉም። በነፃ የሚገኙት የድሮዎቹ ናቸው፣ በድራይደን ስም የሚታወቀው የፕሉታርክ ትርጉም በ1680ዎቹ (እ.ኤ.አ) የወጣ ነው፣ 1859 ላይ ክላፍ አርሞታል ግን ዓረፍተ ነገሩ አሁንም እንደ አባይ በረሃ መንገድ ይጠማዘዛል። ከከበዳችሁ የሮቢን ዋተርፊልድን ፈልጉ። ለስዌቶኒየስ የሮበርት ግሬቭስ (1957) እንደ ልብወለድ ይነበባል፣ ችግሩ ሰውዬው ማብራሪያውን እዛው ጽሑፉ ውስጥ ስለሚከት የቱ የሱ እንደሆነ አይለይም። የምዕራፍ ቁጥሩ ግን በብዙዎቹ ትርጉሞች አንድ ስለሆነ አንዱ ጋ ያልገባችሁን ሌላው ላይ በቁጥሩ ታገኙታላችሁ።

ስሞቹን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ የምሬን ነው። ካቶ ሁለት አለ፣ ብሩተስም እንደዛው። ደስ የሚለው ኦገስተስና ታይቢሪየስ ስትሉ የሉቃስ ወንጌል አውግስጦስና ጢባርዮስ መሆናቸው ነው።

አሁን ሙከራ። ፕሉታርክ ቄሳር ላይ ምዕራፍ 2ን ክፈቱ። የባህር ወንበዴዎች ቄሳርን ይዘው 20 ታለንት (መክሊት) ሲጠይቁ ይስቅባቸዋል፣ ማንን እንደያዛችሁ አታውቁም ብሎ 50 እሰጣለሁ ይላል። 38 ቀን አብሯቸው ሲቆይ መተኛት ሲፈልግ ዝም በሉ ብሎ ይልክባቸዋል፣ ግጥም ያነብላቸዋል፣ ያላደነቀውን መሀይም ይለዋል፣ እሰቅላችኋለሁ እያለ ይቀልዳል (እነሱም ይስቃሉ ምስኪኖች!)። ሲለቁት ተመልሶ ይዞ ሰቀላቸው።

ከዛ ስዌቶኒየስ ምዕራፍ 4ንና 74ን አንብቡ። ቀኑ ወደ አርባ ይጠጋል ይላል፣ ግጥሙ የለም፣ ቀልዱንም እግረ መንገዱን ብቻ ነው የሚያነሳው፣ ግን ፕሉታርክ ያላለውን አንድ ነገር ይጨምራል፦ ቄሳር ከመስቀሉ በፊት አንገታቸው እንዲታረድ አዘዘ፣ ይሄን የጻፈው ደግሞ የሰውዬውን ርህራሄ ለማሳየት ነው! አንዱን ብቻ ብታነቡ ይሄ ያመልጣችኋል። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ሳገኝ ህዳጉ ላይ ሁለቱንም ቁጥር እጽፋለሁ።

ቄሳርን ስትጨርሱ ወደ እስክንድር ሂዱ፣ ፕሉታርክ አንድ ግሪክ ከአንድ ሮማዊ እያጣመረ ስለሚጽፍ ቄሳርን ያጣመረው ከሱ ጋር ነው፣ እዛ መግቢያው ላይ እኔ የምጽፈው ህይወት እንጂ ታሪክ አይደለም፣ ከትልቅ ጦርነት ይልቅ ትንሽ ቀልድ ሰውን ትገልጣለች ይላል። ብዙዎቹ ጥንዶች መጨረሻ ላይ ማወዳደሪያ አላቸው፣ የነዚህ ሁለቱ ግን የለም፣ ፒዲኤፋችሁ ጎድሎ እንዳይመስላችሁ።