የእንቁጣጣሽ ካርድ በማህተም ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ ነሐሴ ሲገባ ፀሐይ በልመና ናት። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ደመና ጠዋት ይዘንባል፤ ከሰዓት በኋላም ይደግማል። የእኔ የካርድ ሥራ የሚደራው ደግሞ በዚሁ ወር ነው። ለመስከረም 1 የሚደርስ ካርድ በነሐሴ ካልተሠራ መቼ ሊሠራ ነው?

ልጆች ሳለን አበባና መልአክ በወረቀት ላይ ሥለን፣ የበዓሉ ጠዋት ቤት ለቤት እንዞር ነበር። ሴቶቹ አደይ ይዘው አበባዬሆሽ ይላሉ፤ እኛ ወንዶቹ ሥዕላችንን ሰጥተን ሳንቲም ወይም ቁራሽ ድፎ ዳቦ እንቀበላለን። ዛሬ ሥዕሉን ትቼ ላጲስ ላይ ማህተም እቀርጻለሁ። ባለ ቀለም ወፍራም ወረቀት ላይ እየመታሁም ለዘመድ ወዳጅ ካርድ እሠራለሁ። እንዴት ነው የምትሠራው የሚሉኝ ሲበዙ፣ ሥራውን የሚያበላሹትን ነገሮች ለቅሜ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

ወረቀቱን ከእርጥበት አለመጠበቅ

ወረቀት ውኃ ባይፈስበትም ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። በክረምት ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ያደረ ወረቀት በማግስቱ ጠርዙ ተጥመልምሎ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለው ላይ ማህተም እኩል አያርፍም። የገዛችሁትን በፌስታል ጠቅልላችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። የዕለቱን ብቻ አውጡ።

የባሰው ስህተት የሚመጣው ግን ከተመታ በኋላ ነው። ቀለሙ አልደርቅ ሲል ሰው ካርዱን ከሰል ምድጃ ዳር ይደረድረዋል። እኔም አንድ ዓመት እንዲሁ አድርጌ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ካርዶቹ ሁሉ ተጠቅልለው ጠበቁኝ። እሳቱን የሚያየው ፊት ቀድሞ ደርቆ ይኮማተራል። ጀርባው ገና እርጥብ ነው። ወረቀቱ ወደ ደረቀው በኩል ይጠቀለላል፤ ከዚያ በኋላ ማቃናት ጭንቅ ነው። ካርዱን ዘርግታችሁ አሳድሩት። ቀለሙ ጣት ላይ መቅረት ሲያቆም ንጹሕ ወረቀት ጣል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። እኔ ማህተሙን ሁሉ እስከ ነሐሴ 25 መትቼ እጨርሳለሁ። ጳጉሜን የማጠፊያና የመጻፊያ ናት።

የቢሮ ማህተም ማስመሰል

ስቴሽነሪ ገብታችሁ የማህተም ቀለም ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ የቢሮው ወይን ጠጅ ነው። በዚያ ቀለም ክብ ማህተም ከመታችሁ ካርዱ የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል። አክስቴ እንዲህ ያለ ካርድ ልኬላት "ምን አጥፍተን ነው?" ብላ ደንግጣ ልጇን አስነብባለች። ለበዓል የተላከ ነገር ሰው ማስደንገጥ የለበትም። ክብ ዙሪያውን ተዉት፤ ቀለሙም ጥቁር፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ይሁን።

የቀለምን ባሕርይ ማወቅም ያስፈልጋል። አንዱ ቀለም ቀጭን ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቶሎ ይደርቃል። ሌላው ወፈር ያለ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈልጋል። ቀጭኑ እንደ ሻይ ሥሩን ያሳያል። ስለዚህ ቢጫ ወረቀት ላይ ሰማያዊ ብትመቱ አረንጓዴ መስሎ ይወጣል። ጠቆር ያለ ወረቀት ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አይታይም። ለጠቆረ ወረቀት ወፍራሙ ነጭ ቀለም ነው የሚሆነው። እሱ ካልተገኘ ነጭ ወረቀት ላይ መትታችሁ፣ ቆርጣችሁ ለጥፉት። ኮላውን ግን በስሱ፣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ቀቡ፤ ሲበዛ ወረቀቱን ያጨማድደዋል። ለእኔ በአደይ ቢጫ ላይ ጥቁር ቀለም የሚተካከለው የለም።

ፊደሉን ሳይገለብጡ መቅረጽ

ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማህተም የሚያትመው የራሱን ግልባጭ ነው። ላጲሱ ላይ በቀጥታ "አበባ" ብላችሁ ብትቀርጹ፣ ወረቀቱ ላይ "ቦበአ" የሚመስል ነገር ይወጣል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። "ባ" ረዥም እግሩ ቀኙ ነው፤ የ"ቦ" ግራው ነው። ሲገለበጡ አንዱ ሌላውን ይሆናል። "ሳ"ን ስትገለብጡት "ሶ" ነው። "ሻ" እና "ሾ"ም እንደዚያው። ግልባጩም ትክክለኛ ፊደል ስለሚመስል ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል። የፊደሎቹን ተራ ከቀኝ ወደ ግራ አዙሮ እያንዳንዱን ፊደል መገልበጥ የረሳ ሰው፣ "አደረሳችሁ" ውስጥ "ሳ"ን "ሶ" አድርጎ ያትማል። ሃያ ካርድ ከመታ በኋላ ነው የሚነቃው።

መላ አለው። ቀጭን ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ደመቅ አድርጋችሁ፣ እንደ ወትሮው ጻፉ። ወረቀቱን በፊቱ ላጲሱ ላይ ድፉና ጀርባውን በጥፍራችሁ እሹት። ጽሑፉ ራሱ ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል። ከዚያ መስመሩን ሳትነኩ ዙሪያውን በምላጭ አንሡ። ምላጩን ከመስመሩ ወደ ውጭ አዘንብሉት፤ የፊደሉ ሥር ሰፋ ብሎ ይቁም። ወደ ውስጥ ከቆረጣችሁ የ"ቀ" ቀጭን እግር ሁለት ሦስቴ ተመትቶ ይገነጠላል። በመጨረሻ መስታወት ፊት ያዙት። መስታወቱ ውስጥ በደንብ ከተነበበ ወረቀት ላይም ይነበባል።

ቀለም ማብዛትና እጅ ማወዛወዝ

ማህተሙን ቀለም የጠጣው ፓድ ላይ አትደፍጥጡት፤ ነካ ነካ አድርጉት። ቀለም ሲበዛ የ"መ" ቀዳዳ ይደፈናል። ወረቀቱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ ተጫኑ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። ከሥር ሦስት አራት የጋዜጣ ገጽ አንጥፉ። የመጀመሪያው ምት ሁልጊዜ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይሁን።

ሳያሰምሩ ማጠፍ

የብራና መጽሐፍ አይታችሁ ከሆነ፣ ጽሑፉ የተቀመጠበትን ቀለም የሌለውን መስመር ልብ ብላችሁ ይሆናል። ጸሐፊው ቀለም ከማንሳቱ በፊት ቆዳውን በወስፌ ወግቶ ያሰመረው ነው። ለካርድም ማጠፊያውን አስቀድሞ በደረቅ ማስመር ያስፈልጋል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ያህል ነው፤ ለካርድ የሚሆነው ግን ከ200 እስከ 300 ግራም ነው። ያን ያህል ውፍረት በእጅ ብቻ ሲታጠፍ ጀርባው ይሰነጠቃል። ማስመሪያ አስጠግታችሁ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ ጠበቅ አድርጋችሁ አስምሩና እጠፉ።

ወረቀት እንደ እንጨት ክር አለው። ከክሩ ጋር ሲታጠፍ ይታዘዛል፤ ክሩን አቋርጦ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ለማወቅ ሳታጥፉ በሁለቱም አቅጣጫ ለጠጥ አድርጉት፤ የሳሳው ከክሩ ጋር ያለው ነው። ኤ4 ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ክሩ በረዥሙ ጎን ነው። ስለዚህ ሙሉውን ለሁለት ማጠፍ ክሩን ያቋርጣል። መሐሉ ላይ ለሁለት ቆርጣችሁ እያንዳንዱን እንደገና ለሁለት ብታጥፉት ግን ከክሩ ጋር ይሄዳል። ከአንድ ወረቀት ሁለት ካርድ ይወጣችኋል።

ፖስታውን ኋላ መፈለግ

ያ ካርድ ሲታጠፍ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 114 በ162 የሆነው ፖስታ ልኩ ነው። ሱቅ ያለው ረዥሙ 110 በ220 ብቻ ከሆነ፣ ከኤ4 ላይ 210 በ200 ቆርጣችሁ ለሁለት እጠፉት። ይህኛው ክሩን ስለሚያቋርጥ ማስመሩን ጠበቅ አድርጉ። ብቻ መጀመሪያ ፖስታውን ገዝታችሁ ለኩ።

ለሁሉም አንድ ቃል መምታት

"እንኳን አደረሳችሁ" የሚል ማህተም ብቻ ያለው ሰው ለነፍስ አባቱም፣ ለታናሽ እህቱም፣ ለጓደኛውም እሱኑ ይመታል። ለብቻቸው ለሚኖሩ እማማ "አደረሳችሁ" የሚል ካርድ ምን ያደርግላቸዋል? እሳቸው የሚጠብቁት "አደረሰዎ"ን ነው። እህቴ "አደረሰሽ" ትፈልጋለች። እኔ ማህተሙን "እንኳን" ላይ አቆመዋለሁ፤ የቀረውን በእጄ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያን ያህል አያምርም። ግን ካርዱን ለእሷ ብዬ እንደሠራሁት የምታውቀው በዚያች ቃል ነው።

ዓመተ ምሕረቱንም በግዕዝ ቁጥር የሚቀርጽ ይጠንቀቅ። 2018 ሲጻፍ ፳፻፲፰ ነው፤ ሃያ መቶ፣ አሥር፣ ስምንት። ፪፻፲፰ ብሎ የቀረጸ ሰው 218 ብሏል። ሁሉንም በአንድ ላጲስ መቅረጽም ኪሳራ ነው፤ ከዓመት በኋላ አይሠራም። "፳፻"ን ለብቻ ቅረጹት፤ እስከ 2099 ያገለግላል። የወንጌላውያኑም እንዲሁ። አራት ስም፣ አራት ትንሽ ማህተም፣ ዕድሜ ልክ። "ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረዎ" ስትሉ እንዳትሳሳቱ፣ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ የሚተርፈው 2 ነው፤ ማርቆስ።

ማህተሙን በቤንዚን ማጠብ

ቤንዚን ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ጠርዙም ይሞታል። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይም አትተዉት፤ ጎማው ደርቆ ይሰነጠቃል። ባሕር ዳር ያለ ወንድሜ ጥሩ የአደይ ማህተም ያጣው እንዲህ ነው። የላጲስ ማህተም ደግሞ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ራቁቱን አይቀመጥም። ከርሞ ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል፤ ስታላቅቁት የተቀረጸው ፊት እዚያው ይቀራል። አንድ በአንድ በወረቀት ጠቅልሉና ላዩ ላይ የየትኛው ማህተም እንደሆነ ምቱበት፤ ለሚቀጥለው ነሐሴ ሳትፈቱ ታገኙታላችሁ።