የተፋቱ ወላጆች በልጃቸው ትምህርት ቤት ሳይስማሙ ሲቀሩ

ልጅን በጋራ ለማሳደግ ተስማምተው የተፋቱ ወላጆች፣ አንዱ ለገጣፎ ሌላው ቱሉ ዲምቱ ሲኖሩ፣ ልጁ የት ይማር በሚለው ላይ ቢጋጩ አይገርምም። ክርክሩን ከመንገዱ ይጀምሩ። የማውቃት የ7 ዓመት ልጅ አባቷ ዘንድ በምትሆንበት ሳምንት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ ሰርቪስ ውስጥ ቦርሳዋን ታቅፋ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ቁርሷንም የምትበላው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ነው። ወላጆቿ ግን ለወራት የተከራከሩት በእንግሊዝኛ ትምህርቱ ጥራት ነበር። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለታችሁም በየተራ ከየቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤቱ ከልጁ ጋር አንድ ጠዋት ተጓዙ፤ የወጣችሁበትንና የደረሳችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሸገር ከተማ (በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳለው የኦሮሚያ ከተማ) ወይም በተቃራኒው ማዛወር ከታሰበ የማስተማሪያ ቋንቋውን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። በእኔ እምነት 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በፈተናው ዓመት ባይዛወር ይሻላል።

ከተስማማችሁ፣ በሽማግሌ ፊትም ቢሆን፣ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፦ ወርሃዊ ክፍያውን፣ ሰርቪሱንና ዩኒፎርሙን ማን እንደሚከፍል፣ ካርዱን ማን እንደሚፈርም፣ መሸኛ (የዝውውር ደብዳቤ) ያለሁለቱ ፈቃድ እንደማይወጣ ይገለጽበት። ከዚያም በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ አቅርቡት።

ካልተስማማችሁ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) በአንቀጽ 113 ፍቺ ሲወሰን የልጆችን አኗኗር፣ ትምህርት፣ ጤንነትና ቀለብ ፍርድ ቤቱ እንዲወስን ያዛል፤ ሁኔታዎች ሲለወጡም ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የልጁን ደኅንነት ስለሚያስቀድም፣ ለችሎቱ ከቀድሞ የትዳር ጓደኛ ጥፋት ይልቅ የጻፋችሁት የጉዞ ሰዓት፣ የልጁ ውጤትና የክፍያ ደረሰኝ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ላይ ጉዳዩ የሚቀርበው ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው፤ ሸገር ከተማ ላይ ግን የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶችና የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አሉ።

ፍርድ ቤቶች በክረምቱ ለዕረፍት ስለሚዘጉና የተረኛ ችሎት ብቻ ስለሚቀር፣ አቤቱታው ቢዘገይ እስከ ሰኔ ይቅረብ። ልጁንም «ከእናትህ ጋር ነው ከአባትህ ጋር መሆን የምትፈልገው?» ብላችሁ አታስጨንቁት፤ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚከብደው ጠይቁት፣ መልሱንም ሁለታችሁ ባላችሁበት ስሙት።