ፒኮ ላይ ቤዚክ ለሚጭኑ

እ.ኤ.አ. በ2021 በ4 ዶላር ለገበያ በቀረበው ራስበሪ ፓይ ፒኮ በተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ፒኮማይት የተባለውን ነፃ የቤዚክ (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) አስተርጓሚ ለመጫን፣ በሰሌዳው ላይ ያለውን ነጭ ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ የዩኤስቢ ገመዱን ከኮምፒውተርዎ ጋር ያገናኙና እንደ ፍላሽ ዲስክ ብቅ ወደሚለው ድራይቭ የፒኮማይትን ፋይል ይቅዱ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በተርሚናል ፕሮግራም (ትእዛዞችን በጽሑፍ ወደ ሰሌዳው በሚልክ የኮምፒውተር ፕሮግራም) በኩል የሚከናወን ነው።

በሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራሷ ብልጭ ድርግም የምትለው አስተርጓሚው እየሠራ መሆኑን ለማሳየት ስለሆነ ብልሽት አይምሰልዎ፤ በራስዎ ፕሮግራም ሊያዟት ከፈለጉ ግን በቅድሚያ «ኦፕሽን ኸርትቢት ኦፍ» (OPTION HEARTBEAT OFF) የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ይስጡ። ሰሌዳውን ከኮምፒውተሩ ነቅለው በባትሪ ሲያበሩት ፕሮግራሙ በራሱ እንዲነሣ ደግሞ «ኦፕሽን አውቶራን ኦን» (OPTION AUTORUN ON) ማለትን አይርሱ።