ቤት ውስጥ የተሠራ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ) ቶርኖ ልኬት ሲስት መንስኤውን እንዴት እንደምታገኙ

ቶርኖው የታዘዘበት ቦታ አልደርስ ሲል ብዙዎች የሚቸኩሉት ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብተው ቁጥር ለመቀየር ነው። ይህ ስህተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። መጀመሪያ ለኩ። ስፒንድሉን (የሚቆረጠውን ብረት የሚያዞረውን ክፍል) አጥፉ፣ 0.01 ሚሊሜትር የሚያነብ ዳያል ጌጅ (ባለ ጠቋሚ መለኪያ) አልጋው ላይ በማግኔት መቆሚያ አስሩና ጫፉን ካሬጁ (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደው ክፍል) ላይ አሳርፉ።

1. ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ እየመጣችሁ 5፣ ከዚያ 10 ሚሊሜትር እዘዙ። ጌጁ 4.95 እና 9.90 ካነበበ ስህተቱ ከርቀቱ ጋር ያድጋል፤ ችግሩ የስቴፕ (ሞተሩ የሚዞርበት ትንሽ እርምጃ) ስሌት ነው። ባለ 200 ስቴፕ ሞተር በ16 ማይክሮስቴፕ (እያንዳንዱ ስቴፕ ለ16 ተከፍሎ)፣ በዙር 5 ሚሊሜትር ከሚሄድ ስክሩ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ 200×16÷5 = 640 ስቴፕ በሚሊሜትር ይሆናል። የድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው ሰሌዳ) ማብሪያዎች በትክክል 16 ላይ መሆናቸውንም እዩ።

2. አሁን አቅጣጫ ቀይራችሁ 1 ሚሊሜትር መልሱ። 0.85 ብቻ ከሄደ 0.15 ባክላሽ (አቅጣጫ ሲቀየር የሚባክን ክፍተት) አለ። ሞተሩ እንደበራ፣ ምንም ፕሮግራም ሳይሄድ፣ ካሬጁን በእጅ ግፉና ሳቡ፤ ጌጁን ደግሞ ወደ ስክሩው ጫፍ አዛውራችሁ ድገሙት። ስክሩው ራሱ ወዲያና ወዲህ ካለ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ እሱ ቆሞ ካሬጁ ብቻ ከተንቀሳቀሰ የዳዶው ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የካፕሊንጉን (ሞተሩን ከስክሩው የሚያገናኘውን) ማጥበቂያ ብሎኖች ፈትሹ፤ ዘንጉ ላይ መንሸራተት የተለመደ ነው። የሶፍትዌር ማካካሻ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ የመቁረጥ ኃይል መሣሪያውን በክፍተቱ ውስጥ ሲጎትተው አያድነውም።

3. 20 ሚሊሜትር በፈጣን ጉዞ 50 ጊዜ አመላልሱና ወደ ዜሮ መልሱ። ዜሮ ካልመጣ ሞተሩ ስቴፕ እየጣለ (የታዘዘውን እርምጃ ሁሉ ሳይወስድ እየቀረ) ነው። አክስለሬሽኑን (የፍጥነት አጨማመሩን) በግማሽ ቀንሱ። ከተስተካከለ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው፤ የስላይዱ ጊብ (የስላይዱን ክፍተት የሚያጠብቀው ስስ ብረት) ከመጠን በላይ ጠብቆ እንደሆነም ተመልከቱ። ካልተስተካከለና ስህተቱ በእያንዳንዱ ምልስ እኩል ከጨመረ የአቅጣጫና የስቴፕ ምልክት ጊዜ አልተጣጣመም፤ የስቴፕ ምልክቱን ፖላሪቲ ገልብጣችሁ ሞክሩ።

4. ስህተቱ ስፒንድሉ ሲበራ ብቻ ከመጣ የኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብነት ጠርጥሩ። የምልክት ኬብሉን ከሞተር ኬብሉ አርቁ፤ ሽፋን ያለው ኬብል ተጠቀሙ፤ ሽፋኑን በኮንትሮለሩ በኩል ብቻ ከመሬት መስመር (ግራውንድ) ጋር አገናኙ።

በኤክስ ዘንግ (መቁረጫው ወደ ብረቱ መሃል የሚሄድበት አቅጣጫ) ላይ የ0.05 ስህተት በዲያሜትር 0.10 እንደሚሆን አትዘንጉ። ጌጁ ልክ ብሎ ብረቱ ግን ሾጣጣ ሆኖ ከወጣ የስፒንድሉን አሰላለፍ ፈትሹ፤ ቀጭን ብረት ከሆነም መታጠፉን።