የፊርማ ክርክር ሲነሳ፦ አዳማ ላይ የሰነድ መርማሪ ማሠራት

«ፊርማው የእኔ አይደለም» የተባለበት ውል የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጎበዝ መርማሪ የት እንደሚገኝ ነው። ምርመራውን ብዙ ጊዜ ከንቱ የሚያስቀረው ግን የመርማሪው ሳይሆን የማነጻጸሪያ ናሙናው፣ ማለትም የሰውየው መሆናቸው የታወቀ ፊርማዎች፣ ማነስ ነው።

ፊርማውን የሚክዱት እርስዎ ከሆኑ ክህደቱን በመከላከያ መልስዎ ላይ በግልጽ ያስፍሩ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2007ም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ወራሽ ከሆኑ የሟቹን ጽሑፍ ወይም ፊርማ አላውቀውም ማለት ይችላሉ። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ሰነዱን ለምርመራ እንዲልክ ያመልክቱ፤ አዲስ አበባ ወዳለው የፌዴራል ፖሊስ ፎረንሲክ (ማስረጃ በሳይንስ የሚመረምር ክፍል) መላክ የተለመደ ነው። አዳማ ላይ ችሎቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የአማርኛ ውል ትርጉም ይያያዛል፤ ወደ ምርመራ የሚሄደው ግን ዋናው ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ ላይ የእስክሪብቶው ግፊት፣ የተነሳበት ቦታና የቀለሙ ልዩነት አይታይም።

ጥያቄውን ጠበብ አድርገው ይጻፉ። «ሰነዱ ይመርመር» ማለት አይበቃም። ፊርማው የማን ነው? «50,000» ላይ ዜሮ ተጨምሯል? ሁለተኛው ገጽ ተቀይሯል? እያንዳንዱ የተለየ ምርመራ ነው። የጣት አሻራ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው የአሻራ መርማሪ ነው። «ቀለሙ በየትኛው ወር ተጻፈ?» የሚለውን ለብቻው አይመኩበት፤ ሁለት ቀለም መለየት ይቻላል፣ ዕድሜውን በቀን መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ናሙናው። ክርክሩ ሳይነሳ የተፈረሙ፣ ከውሉ ቀን ሁለትና ሦስት ዓመት ያልራቁ ከ15 እስከ 20 ፊርማዎች ይሰብስቡ፦ የደመወዝ ፔሮል፣ የቀበሌ ፋይል፣ የእድር መዝገብ፣ የቆዩ ውሎች። ባንክ የፊርማ ካርድ ለጠየቀው ሁሉ ስለማይሰጥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቅ። በችሎት ፊት የሚሰጥ ናሙና ላይ ደግሞ አከራካሪው ሰነድ ለፈራሚው አይታይ፤ እያንዳንዱ ፊርማ በተለየ ወረቀት ይፈረም፣ እንደተፈረመም ወረቀቱ ከፊቱ ይነሳ። አለበለዚያ የራሱን ፊርማ እያየ መቅዳት ይጀምራል። እስክሪብቶውና የመፈረሚያው ቦታ ስፋት ከውሉ ጋር ይመሳሰል። የአማርኛ ፊርማ ከአማርኛ፣ የላቲን ከላቲን ጋር ነው የሚነጻጸረው። ጽሑፍ ከሆነ እየተነበበለት ይጻፍ፤ የፊደሉ አጻጻፍ አይነገረው። «ሠ» ወይስ «ሰ» መምረጡ፣ የ«ሬ»ን ቀለበት ከየት ጀምሮ እንደሚያዞር፣ ሁሉም የእጅ ልማድ ነው።

ሁለት ፊርማዎች ተደራርበው ልክ አንድ ከሆኑ ደስ አይበልዎ፤ ያ የመቅዳት ምልክት ነው። እውነተኛ እጅ ሁልጊዜ ትንሽ ይለያያል።

ዋናውን ሰነድ ላሚኔት አያስደርጉ፣ ፊርማው ላይ አጥፈው አያስቀምጡት፣ በላዩ ሌላ ወረቀት አድርገው አይጻፉ፤ የሚተወው ጭረት ከምርመራው ጋር ይምታታል። በወረቀት ፖስታ ያኑሩት። በሙቀት በሚጠፋ እስክሪብቶ የተጻፈ ከሆነ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይሰወራልና በአዳማ ፀሐይ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይተዉት።

የግል ባለሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው መልስ ከመስጠትዎ በፊት ነው፤ መካድ ያዋጣ እንደሆነ ይነግርዎታል። ችሎት ላይ ግን ሪፖርቱ የአንድ ወገን ማስረጃ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ሲቀጥሩት በሰነድ ምርመራ የት እንደሠለጠነ፣ ማይክሮስኮፕና የቀለም ልዩነት የሚያሳይ ኢንፍራሬድ መሣሪያ እንዳለው፣ አዳማ መጥቶ ይመሰክር እንደሆነ ይጠይቁ። የምርመራው፣ የምስክርነቱና የመጓጓዣው ክፍያ በውል ተለያይቶ ይጻፍ። «ሲያሸንፉ ይከፍሉኛል» የሚልን፣ ከጽሑፍ ጠባይ አነባለሁ የሚልንም ይተዉት።

ውጤቱ «ለመወሰን አልተቻለም» ቢል ለማንም አልፈረደም። ምክንያቱን ሪፖርቱ ላይ ይፈልጉ፤ ናሙና አነሰ ካለ ተጨማሪ አቅርበው ምርመራው እንዲደገም ያመልክቱ።