የስፒድስተር ሬፕሊካ ልትገዙ ነው? ፋይበሩን ተዉት፣ ከሥሩ ያለውን ቮልስ ፈትሹ

አሜሪካ ውስጥ «የ1957 ፖርሽ ስፒድስተር» ተብሎ ዋጋው የሚቀመስ ነገር ካያችሁ፣ በቮልስ ሻንሲ (ወለልና አጽም) ላይ የተጫነ የፋይበር ግላስ ቦዲ ያለው ሬፕሊካ፣ ማለትም ቅጂ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ፖርሽ 356 ስፒድስተርን የሠራው ከ1954 እስከ 1958 ነው፤ የዚያ ቦዲ ብረት ነው። ማግኔት ብረት ላይ ይይዛል፣ ፋይበር ላይ አይይዝም፤ ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። ሬፕሊካ መሆኑ ነውር የለበትም፤ በደንብ የተሠራ ሬፕሊካ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ገንዘብ የሚበላው ሰው ቀለሙን አይቶ ሲገዛ ነው።

ወረቀቱና መኪናው አይገናኙም

የሻንሲ ቁጥሩ በቱኔሉ (ወለሉን መሃል ለመሃል በሚያልፈው ጉብታ) አናት ላይ፣ ቮልሱ የኋላ ወንበር በነበረው ቦታ ሥር ተመትቷል። ምንጣፉን አንሱት። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግራል፤ 118 ብሎ ከጀመረ የ1968፣ 119 ካለ የ1969 ቮልስ ነው። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ «1957 ፖርሽ» ተጽፎ ቱኔሉ 118 ካለ፣ አንድ ሰው ወረቀቱን አበላሽቷል። መፍትሄው አንድ ብቻ ነው፤ ሻጩ ዲኤምቪ (የአሜሪካ የመኪና ምዝገባ ቢሮ) ሄዶ ያስተካክል፣ እናንተ ከዚያ በኋላ ክፈሉ። «ቀላል ነው፣ ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ» ካላችሁ ቀላል አይደለም። ቁጥሩ ተሞርዶ ወይም ተበይዶበት ካገኛችሁት ዋጋ እንኳ አትጠይቁ።

ቁጥሩ እስኪገኝ ድረስ የሻንሲውን ዘመን ለመገመት ቸርኬውን እዩ። የ1967ና ከዚያ በፊት ያለ ቮልስ በ5 ቡሎን ይታሰራል፣ ከ1968 ወዲህ በ4።

በሩ አይገጥምም፣ ማርሹ ይንጓጓል፣ የፍሪሲዮን ካቦ ይበጠሳል

ሦስቱም ብዙ ጊዜ የአንድ በሽታ ምልክቶች ናቸው። ደጋግሞ የሚያጋጥመውም ይኸው ነው።

የቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ከመሃል እስከ መሃል 240 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ የ356 ግን 210 ነው። ስለዚህ ገጣጣሚው ቦዲው እንዲቀመጥለት ከሻንሲው ወለልና ቱኔል ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ አውጥቶ መልሶ ይበይዳል። ቱኔሉ ባዶ ሣጥን አይደለም። የማርሽ ዘንጉ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ካቦ ቱቦዎች፣ የቤንዚን መስመሩ በውስጡ ያልፋሉ። እነዚህ ሁሉ አብረው ተቆርጠው በትክክል መገጣጠም አለባቸው።

ከሥር ግቡ። ወለሉ በጥቁር ሬንጅ ከተቀባ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ የ5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ፋቁ። ጥሩ ሥራ ከሆነ ያልተቋረጠ የብየዳ መስመርና በቱኔሉ ላይ የተደረበ ማጠናከሪያ ላሜራ ታያላችሁ። መጥፎው ደግሞ እንዲህ ነው፤ ሬንጁ በቅርፊት ይነሳል፣ ከሥሩ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር በአውራ ጣት ርቀት የተነጠቡ የብየዳ ነጠብጣቦች፣ በመካከላቸው ጣት የሚነካው ዝገት። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አዲስ ቀለም ቀብቶ ለሰው መሸጥ የሰው ሕይወት ላይ መጫወት ነው።

ሻጩ መፋቅ ከከለከለ በሩን ፈትሹት። ክፈቱና ዝጉት፣ ከዚያ አንዱን ጎን ከኋላ በክሪክ አንስታችሁ እንደገና ሞክሩት። ከተነሳ በኋላ በሩ ከነከሰ ሻንሲው እየታጠፈ ነው። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውንም ርቀት በግራና በቀኝ ለክታችሁ አወዳድሩ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት በማስተካከያ ይፈታል፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ግን ብየዳው ሲሠራ ሻንሲው ጠሟል።

1ኛና 3ኛ ማርሽ ገብተው 2ኛና 4ኛ ካስቸገሩ፣ በቅድሚያ ከማርሽ መቀየሪያው ሥር ያለችውን ሳህን አስተካክሉ። ካልረዳ ዘንጉ ሲቆረጥ ርዝመቱ ተሳስቷል ወይም ሲበየድ ዞሯል፤ ወጥቶ ከውስጡ ማያያዣ ቧንቧ ተከቶበት እንደገና መበየድ አለበት።

ካቦው በየጥቂት ወሩ ከተበጠሰ ቱቦው መጋጠሚያው ላይ ሹል ጠርዝ ቀርቶበታል። ካቦ መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው። ቱኔሉን ከፍታችሁ ቱቦውን በሌላ ቧንቧ አያይዙት። ካቢን ውስጥ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ቱኔሉ ውስጥ ያለው መስመር ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን አታስነሱ። የቤንዚን ታንኩ ከመኪናው ካልወረደ ማንም እዚያ አካባቢ እንዳይበይድ! አዲስ የብረት መስመር ከቱኔሉ ውጭ አሳልፉ።

ወለሉ በቅጡ ካልተበየደ መጠገን አይሞከርም፤ ሌላ ሻንሲ ተፈልጎ እንደ አዲስ ማሳጠር ነው። በዋጋ ሲታሰብም ያ መኪና ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ቦዲና ወረቀት ብቻ ነው።

ሌሎቹ

መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፍሬቻ ሲበራ ዳሽቦርዱ ይጨልማል፦ ፋይበር ማሳ (የኤሌክትሪኩን መመለሻ) አያስተላልፍም። ከእያንዳንዱ መብራት ወደ ሻንሲው የማሳ ሽቦ ሳቡ።

ከወንበሩ ኋላ በቀኝ በኩል ወለሉ በስቷል፦ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ላሜራው ለብቻው ይሸጣል።

ሞተሩ፦ አጥፍታችሁ ፑሌጃውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉ፣ ሳቡ። ክራንክ ሻፍቱ የሚፈቀድለት እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኳ ኳ ሲል በእጅ ከተሰማችሁ አልፏል፣ ሞተሩ ይወርዳል።

ፋይበሩ በማጠፊያዎቹ ዙሪያ በኮከብ ቅርጽ ከተሰነጠቀ፦ ከጀርባው ካልተጠናከረ ቀለሙ ዳግም ይሰነጠቃል።

ዋጋውን ስትተምኑ

የገጣጣሚው የደረሰኝ ክምር የመኪናውን ዋጋ አይወስንም። በተመሳሳይ ሻንሲ ላይ ተጠናቆ ከሚሄድ መኪና ዋጋ ጀምሩና ከላይ ያገኛችሁትን የጥገና ወጪ ቀንሱ። «ትንሽ ነው የቀረው» የሚባለው ያላለቀ መኪና ከሁሉም ይከብዳል፤ መስታወቱ፣ ሽቦውና በሮቹ ገና ናቸውና ለቦዲውና ለቮልስ ዕቃው ብቻ ክፈሉ።

የኤምጂ ቲዲ (የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ሬፕሊካ ካማራችሁ የጎማዎቹ ርቀት ከቮልስ ጋር ስለሚቀራረብ ሻንሲው አይቆረጥም፤ ከላይ የጻፍኩት ትልቁ ጣጣ የለበትም።

አዲስ አበባ ቮልስ ሲፈታ ሲገጥም የኖረ መካኒክ ከተማችሁ ካለ ይዛችሁት ሂዱ። ካቻቪቴ፣ ሜትርና ባትሪ መብራት አትርሱ፤ ክሪኩንም የራሳችሁን ያዙ።